አማርኛን ማን አበላሸው?

ሰሞኑን ደግሞ ያው የተለመደው ለቅሶ ተጀምሯል። «ወጣቱ ቋንቋችንን ገደለው!» ይባላል። ሙሾ አውራጆቹም የታወቁ ናቸው። ከረባት ያሰሩ፣ ዲግሪ የደራረቡ፣ ማይክራፎን ሲሰጣቸው «አማርኛችን ክራይሲስ ውስጥ ነው፤ ሲሪየስሊ ልናስብበት ይገባል» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እንዴ! ገዳዩም አልቃሹም አንድ ሰው ሲሆን ምን ይባላል?

እስቲ ክሱን እንስማ። አንደኛ ተከሳሽ የታክሲ ረዳት፣ ሁለተኛ ተከሳሽ የዶርም ልጅ። እሱ «ሙድ ያዘብኝ» ብሏል፤ እሷ ደግሞ «ፎቶዬን ፖሰተችው» ብላለች። ፍርድ፦ ቋንቋ አበላሾች!

አንባቢ ሆይ፣ ከመፍረድህ በፊት ይህን «ፖሰተ» የሚሉትን ቁጭ ብለህ እየው። ፖሰተ፣ ይፖስታል፣ መፖሰት፣ ተፖሰተ፣ አስፖሰተ። ባዕዱ ቃል ደጃፉን ከመርገጡ አማርኛ የፊት ልብሱን አስወልቆ ጋቢ አለበሰው። በተደራጊ ሂድ ሲሉት ይሄዳል፤ በአስደራጊ ና ሲሉት ይመጣል። የሞተ ቋንቋ እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው ሆዱ ጤነኛ የሆነ፣ የበላውን የሚፈጭ ቋንቋ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ላሜራ፣ ፓራፋንጎ... ሁሉም ከጣልያን አፍ የመጡ ናቸው። ጎማ ጠጋኙ ራሱ ጎሚስታ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሕዝቡም ከፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ለገሃርን ሠራበት። ዛሬ ለገሃር ስንል ስለ ፈረንሳይ የሚያስብ ማን አለ? ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጎሚስታው የማንንም አካዳሚ ፈቃድ አልጠየቀም። ሥራ ነበረው፤ ሥራውን የሚነጋገርበት ቃል አስፈለገው፤ አገኘ። በቃ።

እንግዲህ ነገሬ ይህ ነው፦ ቋንቋ የሚኖረው ሥራ ሲሠራበት ነው። ቃል ተዋስክ ተብሎ ቋንቋ አይሞትም። የሚሞተው ከሥራ ሲባረር ነው። ታዲያ ከሥራ ያባረረው ማነው? የታክሲው ረዳት ነው?

*

ወደ ራሳችን ግቢ እንምጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ፈቀደ። ደግ አደረገ። ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሁን አለ። እኛም ይኸው እንማራለን። መምህሩ በእንግሊዝኛ ይጀምራል፤ ነገሩ ሲጠብቅበት «ማለት... ምን መሰላችሁ» ይልና ወደ አማርኛ ይሻገራል። ክፍሉ የሚነቃው ያን ጊዜ ነው! የተኛው ቀና ይላል፤ ጥያቄ ይነሳል፤ ክርክር ይጦፋል። ፈተናው ሲመጣ ግን ያ የገባን ነገር ቦታ የለውም። ቦታ ያለው የሸመደድነው ነው።

የሕግ ተማሪውን ውሰዱ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ነበር። ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ለያንዳንዷ ጽንሰ ሐሳብ ቃል ሲፈልጉ ምን ያህል እንደለፉ መጽሐፉን የገለጠ ያውቃል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987ቱ አዋጅም የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ የአማርኛው ይጸናል ይላል። ልብ በሉ! የሚጸናው የአማርኛው ነው፤ እኛ የምናጠናው የእንግሊዝኛውን ነው። ከዚያ ልጁ ተመርቆ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይቆምና በአማርኛ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ቃል ያጥረዋል። ደምበኛው እስር ቤት ሆኖ ይጠብቃል።

የእርሻውን ልጅ ውሰዱ። ስንዴ ላይ የሚወጣውን በሽታ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ዋግ ይለዋል። ልጁም ከገበሬ ቤት ሲመጣ ዋግ ነበር የሚያውቀው። እዚህ «ረስት» ይማራል፤ ስለ «ረስት» በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ዋግ ግን አይተኛም። አባትየው ማሳው ዳር ቆሞ ስንዴው ሲከስል ያያል፤ የገዛ ልጁ የጻፈለትን መድኃኒት ማንበብ አይችልም። በዚህ መሐል ቋንቋውን የበደለው «ሙድ ያዘብኝ» ያለው ረዳት ነው?

የመድኃኒቱስ? በማሸጊያው ውስጥ ታጥፎ የሚወጣው ረጅም ወረቀት «እርጉዝ ሴት አትውሰድ»፣ «ከዚህኛው መድኃኒት ጋር አይወሰድ» የሚለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይናገራል። አንዲት እናት ስንቱን ታስታውስ? ፋርማሲስቷ በእስክሪብቶ በጫረችላት አንድ መስመር ነፍሷን ይዛ ትሄዳለች። እነዚያ ከረባት ያሰሩት ሰዎች «ጸሐይ» በየትኛው ጸ ይጻፍ፣ «ሥራ» በየትኛው ሠ ይጻፍ እያሉ በጋዜጣ ሲከራከሩ ስለዚህ ወረቀት ቃል ሲተነፍሱ የሰማ አለ? ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ቤቱ ሲቃጠል እርስዎ የመጋረጃውን ቀለም እየመረጡ ነው።

*

ታሪክም ይፈርዳል። አማርኛ ለረጅም ዘመን የአፍ ቋንቋ ነበር፤ ቁም ነገር የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በአማርኛ መጻፍ የጀመረው በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ያን ጊዜም «እንዴት የገበያ ቋንቋ በብራና ላይ!» ያለ ሊቅ አይጠፋም። ዛሬ የግዕዝን ወንበር እንግሊዝኛ ወርሶታል። ጥቂቱ ይረዳዋል፤ ጥቂቱ የተረዳ ይመስላል፤ ሰፊው ሕዝብ «የተማረ ሰው እንዲህ ነው» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ልዩነቱ፣ ግዕዝ ቢያንስ የኛው ነበር።

ከኛ በፊት በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ የጻፉት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ችግር ነበረባቸው። በ1960ዎቹ አንድ ዓለም የሚያህል ሐሳብ ካፈረንጅ መጻሕፍት አወረዱ፤ ላብ አደር ይባል ወዛደር እየተባባሉ ተከራከሩ። ዘመኑ በደም ነው ያለቀው፤ ያንን የሚያቆነጅ ብዕር የለኝም። ያም ሆኖ አንድ ነገር አሳይተውናል፦ ሲፈለግ ቃል ይገኛል። ርዕዮተ ዓለምን የመሰለ ቃል ዛሬ ሳንደናቀፍ የምንናገረው ማንም ከሰማይ ስላወረደልን አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ5 ቋንቋዎች ጀምሮ ኋላ 15 አድርሷል። ድኻ አገር፣ ጦርነት ላይ ያለ አገር 15 ቋንቋ ከቻለ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ገጽ አቃተው ቢባል ማን ያምናል?

አሁን ቁጥሩን እናንሳ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ፣ የመምህር ደመወዝ፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ኩረጃው ሲዘጋ የታየው ጉድ። ግን ፊዚክሱን ከመረዳቱ በፊት የጥያቄውን ቋንቋ መፍታት ያለበትን ልጅ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የምታስቀሩት በምን ሒሳብ ነው?

*

መልሱን አውቀዋለሁ። «እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ ነው፤ ልትዘጉብን ነው?» የለም ወንድሜ። እንግሊዝኛን እንደ ቋንቋ በደንብ አስተምሩን! ዛሬ ያለው ጉድ እኮ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ እንግሊዝኛውም አልሆነልን፣ ትምህርቱም አልገባን።

«አማርኛ የሳይንስ ቃል የለውም» የሚለኝም ይኖራል። ጎሚስታውን ጠይቀው።

«ለምን አማርኛ ብቻ?» የምትለኝ እህቴ ደግሞ እውነትሽን ነው። ከቤቷ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ይዛ የመጣች ልጅ፣ መምህሩ ሲጨንቀው ወደ አማርኛ ቢሻገር፣ ለሷ ሁለተኛ ወንዝ ነው። ስለዚህ የምለው ለአማርኛ ዙፋን ይሠራለት አይደለም። እውቀት የሕዝቡን ቋንቋዎች ሁሉ ይናገር ነው የምለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። አንደኛ፣ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ነገሩ በሚመለከተው ሕዝብ ቋንቋ የተጻፈ 2 ገጽ ማጠቃለያ ካልያዘ አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ የሕግ ተማሪ የሚጸናውን የአማርኛ ቅጂ ሳያነብ አይመረቅ። ሦስተኛ፣ የመድኃኒት ወረቀት በሚሸጥበት አገር ቋንቋ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ አዲስ አካዳሚ፣ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ የውሎ አበል አያስፈልግም።

ይህ እስኪሆን ድረስ የታክሲውን ረዳት ተዉልን። እሱ ቀኑን ሙሉ በቋንቋው ይሠራበታል፤ ይከራከርበታል፤ ሒሳብ ይመልስበታል። እናንተስ ዛሬ ምን ሠራችሁበት?