አፍንጫው የእናቱ ነው፤ ቆዳውስ?

ባለፈው እሑድ ሂልብሮው በምኖርበት ፎቅ አንዲት የሀገሬ ልጅ ቡና ጠርታኝ ነበር። ልጇ አምስት ወሩ ነው፤ ቆዳውም ፀጉሩም የነጣ፣ አልቢኒዝም ያለበት። ሁለተኛው ሳይቀዳ እንባዋ መጣ።

“እትዬ፣ አማቴ ደውላ ‘አፍንጫውም ግንባሩም የአንቺ ነው፤ ይሄም ከአንቺ ዘር ነው’ አለችኝ። እሱም ሰምቶ ዝም አለ።” ባሏን ማለቷ ነው።

ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ አማትየው ነው፤ መልክ እንደ ጓዝ ተጠቅልሎ ከአንድ ወገን የሚመጣ ይመስለናል። እኔም ክሮሞዞምን እንደ ዶቃ ክር አስቢው አልኳት። ዶቃዎቹ ጂኖቹ ናቸው። 23 ጥንድ ክር አለን፤ ከየጥንዱ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ለልጅ ስናወርስ ግን እንደ ተቀበልነው አናስተላልፍም። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲዘጋጅ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ይጋደሙና እዚህም እዚያም ተቆርጠው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። የተጠጋጉ ዶቃዎች መካከል የመቆረጥ ዕድሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አብረው ይወርዳሉ፤ የተራራቁት ይለያያሉ። በተለያየ ክር ላይ ያሉትማ ጭራሽ አይተሳሰሩም፤ የአፍንጫ ቅርጽ ደግሞ በብዙ ክሮች ላይ የተበተኑ ጂኖች ሥራ ነው።

ይህ አብሮ መውረድ እዚሁ ጆሃንስበርግ ትልቅ ነገር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሚሼል ራምሴይና ባልደረቦቿ አልቢኒዝም ያለባቸውን ቤተሰቦች ሲያጠኑ፣ በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉ ምልክቶች ከአልቢኒዝሙ ጋር አብረው ሲወርዱ አገኙ። የቤቱን ባለቤት በጎረቤቶቹ እንደ ማግኘት ነው። በኋላም በብዙዎቹ ላይ ከዚያው ጂን 2,700 ያህል “ፊደል” ጎድሎ ተገኘ።

ለጎረቤቴ ግን ዋናው ሌላ ነበር። ልጅ እንዲህ ሆኖ የሚወለደው የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲቀበል ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ምንም አይታይበትም። በሶዌቶ በተደረገ ጥናት አልቢኒዝም ያለበት ከ3,900 ሰው አንዱ ነበር፤ ሲሰላ ግን ሳያውቀው ጂኑን የተሸከመው ከሠላሳ ምናምን ሰው አንዱ ነው።

“እሱም አለበት ማለት ነው?” አለችኝ።

“አለበት። አባቱ ወይም እናቱም ሳይኖርባቸው አይቀርም።”

ይህን ስል ባሏ ከሱቅ ገብቶ በር ላይ ቆሞ ኖሯል። ምንም አልተናገረም። ልጁን ተቀብሎ አቀፈው፤ ከዚያም ፀሐይ እንዳያገኘው መጋረጃውን ሳበ።