ስሙ ያልተጻፈው ኩሻዊ

ለልጆች ተብለው በአማርኛ የሚታተሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ብዙዎቹ አንድ መልክ አላቸው። ታሪኩ ከሁለት ገጽ አይዘልም፤ ሥዕሉ ከባሕር ማዶ የተወሰደ ስለሆነ ነቢዩም እረኛውም ፊቱ የአውሮፓ ሰው ፊት ነው፤ በመጨረሻም «ከዚህ ታሪክ ምን ትማራላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ልጁ መልሱን ታሪኩ ሳይጀመር ያውቀዋል። ስለዚህም መጽሐፉን አንድ ጊዜ አይቶ ያስቀምጠዋል፤ ወላጅም «ልጆቻችን ማንበብ ጠሉ» ብሎ ያማርራል።

ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችል አንድ የድርሰት ዓይነት አለ፤ እርሱም በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመንና ምድር ላይ የቆመ፣ ለልጆች የተጻፈ ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ስሙ ገና ሲነሳ «በቃሉ ላይ መጨመር አይገባም» የሚል ተቃውሞ ይቀድመዋል። ተቃውሞው በቅን ልቡና የሚነሳ ነው፤ ሆኖም ሚዛን አይደፋም። ልብ ወለድ የሚለው ስያሜ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ቃሉም ከልብ የተወለደን ነገር እንጂ ሐሰትን አያመለክትም። ሐሰት የሚሆነው ደራሲው ከልቡ ያወጣውን ከመጽሐፉ ያገኘው አስመስሎ ሲያቀርብ ነው።

ለዚህ ከአቤሜሌክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በኤርምያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 እንደተጻፈው፣ ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን ተከብባ እንጀራ ባለቀበት ወቅት መኳንንቱ ነቢዩን ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ በሞላበት ጉድጓድ ጣሉት። በንጉሡ ቤት የሚያገለግለው ጃንደረባ ግን ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ በአደባባይ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል» አለ። ፈቃድ አግኝቶም ሰዎች ይዞ ሄደ፤ ገመድ ብቻ ሳይሆን ከግምጃ ቤቱ በታች አሮጌ ጨርቅ ለቅሞ ወሰደ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይልጠው። ንጉሥን የደፈረ ሰው ስለ ብብት ማሰቡ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ግን ይህ ሰው «ደግ ሁኑ» ወደሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠብባል፤ ጨርቁም ጭራሽ ይቀራል።

የዚህ ሰው ስም እንኳ አይታወቅም። አቤሜሌክ የተባለው በዕብራይስጡ «የንጉሥ አገልጋይ» ማለት ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም አልተጻፈም። ከከተማይቱ ጥፋት እንደሚተርፍ ተስፋ ተሰጥቶታል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደ የኤርምያስ መጽሐፍ ዝም ይላል። ዝምታው ግን የጥንቶቹን አላስቻላቸውም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው ተረፈ ባሮክ፣ አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት እንደተኛና ሲነቃ በለሱ ትኩስ እንደነበረ ይናገራል። የዛሬ ደራሲ ከዚህ ማዕረግ ጋር አይስተካከልም፤ ስለዚህም የራሱን ፈጠራ በመግቢያው ላይ ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። «የሰው ነፍስ ምን ሆነች?» ብሎ መጠየቅን ግን የሚከለክለው የለም።

ዋናው ክርክር ያለው ሌላ ቦታ ነው። በጁባ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ ያውቃል። በቤቱ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ ትርጉም አለ፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው ይጠብቀዋል። በአማርኛው አቤሜሌክ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በአዳዲሶቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ኩሻዊ ይባላል። አጠገቡ የሚቀመጠው ደቡብ ሱዳናዊ ጓደኛው ደግሞ በኢሳይያስ ምዕራፍ 18 የተጠቀሰው፣ ወንዞች ምድሩን የሚከፍሉት ረጅም ሕዝብ የእርሱ ወገን እንደሆነ ሰምቶ አድጓል፤ ይህ ምንባብ በጦርነቱ ዘመንም ሆነ አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ባወጀችበት ጊዜ እንደ ትንቢት ሲጠቀስ ነበርና። ታዲያ ሁለቱ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ቢከራከሩ ማን ይፈርዳል?

ታሪክ ለሁለቱም የሚነግራቸው አለ። ዕብራይስጡ ኩሽ ያለውን የግሪክ ተርጓሚዎች ኢትዮጵያ አሉት፤ ግእዙና አማርኛው ይህንኑ ተከተሉ። ያ መንግሥት መናገሻው መጀመሪያ ናፓታ፣ ኋላም መርዌ ነበረ፤ ሁለቱም በዓባይ ዳር፣ በዛሬይቱ ሱዳን ሰሜን የሚገኙ ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለችው ህንደኬም የአንዲት ሴት መጠሪያ ብቻ አይደለችም፤ የመርዌ ንግሥታት የማዕረግ ስም ናት። የአክሱሙ ዒዛና ራሱ በ4ኛው መቶ ዘመን ባስቀረጸው ጽሑፍ የዘመተበትን ያን አገር ካሱ ይለዋል። ይህን ለልጅ መንገር ኢትዮጵያን ከመጽሐፍ ቅዱስ መፋቅ አይደለም። ስሙ በትርጉምና በእምነት የተወረሰ እውነተኛ ርስት ነው፤ ትውፊቱም ትውፊት ተብሎ ቢነገር ክብሩ አይቀንስም። የሚያሳፍረው የኩሹን ንጉሥ ቲርሐቅን የጎንደር ካባ አልብሶ በፋሲል ግንብ ማስቀመጥ ነው። ቲርሐቅ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ690 ገደማ ሲሆን፣ መጽሐፈ ነገሥት ስሙን የሚያነሳበት የሰናክሬም ዘመቻ የሆነው በ701 ነው። ለመምህር ችግር የሆነው ይህ ልዩነት ለደራሲ ሲሳይ ነው፤ ገና ዘውድ ያልጫነ ወጣት የጦር መሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አያገኝም።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ጆርጅ ስፒር እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመችው «የነሐስ ቀስት» ሮማውያንን በመጥላት የሚቃጠል የገሊላ ወጣት ታሪክ ነው፤ በማግስቱ ዓመት የኒውቤሪን ሜዳልያ አግኝቷል። ልጁ በወንጌል የለም፤ ገሊላው፣ ወታደሩና ግብሩ ግን አሉ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.ንና ሐምሌ 2008 ዓ.ም.ን በተኩስ ድምፅ ላሳለፈች ጁባ፣ በቀልን ስለታቀፈ ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ ሩቅ አገር የሆነ ነገር አይደለም። በአማርኛ ግን አባባ ተስፋዬ ለአርባ ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩላቸው ያደጉ ትውልዶች፣ ለልጆቻቸው የሚሰጡት ያን ያህል ሕይወት ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ልብ ወለድ ለማግኘት ይቸገራሉ።

«ገበያ የለውም» የሚሉ አሳታሚዎች አሉ። ገበያ ያጣው ስብከት የተለጠፈበት ሁለት ገጽ ነው፤ ሌላውን ማን ሞክሮ አየው? አቤሜሌክ ኢየሩሳሌም ስትቃጠል ገመዱንና የተረፈውን ጨርቅ ይዞ ወጥቶ ቢሆን፣ ወደ ግብፅ ወርዶ ዓባይን ሽቅብ እየተከተለ ቢጓዝ፣ በመንገድ ስሙን የጠየቀው ልጅ ቢያጋጥመው፣ ምን ብሎ ይመልስለት ነበር? በጁባ ወንዝ ዳር ሦስት ቋንቋ እያፈራረቀ የሚያድግ አንባቢ ለዚህ ጥያቄ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው፤ እርሱም በቤት አንድ፣ በትምህርት ቤት ሌላ፣ በመንገድ ደግሞ ሦስተኛ ስም አለው።