ከአጥር የተነቀለ ጉቶ

በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ ጉቶ እናወጋለን። ጉቶው የሚገኘው በሩቅ አገር፣ በእንግሊዝ ነው። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል።

በእንግሊዝ ከተሞች ብዙ ሰው ግቢውን የሚያጥረው በተክል ነው። ለአጥር ከሚተከሉት አንዱ ፕሪቬት ይባላል። ፕሪቬት ትንንሽ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ነው። ከእኛ ወይራ ጋር ይዛመዳል። የተክል ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል።

አጥሩ ሲያረጅ ወይም ባለቤቱ ግንብ ሲያሠራ ተክሉ ተነቅሎ ይጣላል። ጉቶው ጎባጣ ነው። ቋጠሮም ይበዛበታል። ከማገዶ በቀር ለምንም የሚሆን አይመስልም። አንዳንድ ሰዎች ግን «አትጣሉት፣ ለእኛ ስጡን» ብለው ይወስዱታል። ምን ሊያደርጉት? ቦንሳይ ሊሠሩበት ነዋ!

ቦንሳይ የጃፓን ቃል ነው። በዝርግ ሣህን የተተከለ ማለት ነው። ተክሉ ቁመቱ አጭር ነው፤ መልኩ ግን የትልቅ ዛፍ ነው። ጥበቡ ወደ ጃፓን የገባው ከቻይና ነው። በቻይና አገር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ706 ዓመተ ምሕረት በተሠራ የአንድ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ተክል በሣህን የያዘ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል።

«ታዲያ ተክሉን አስርበው ነው የሚያሳንሱት?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ውሃውንም ማዳበሪያውንም ያገኛል። ትንሽ አድርጎ የሚያቆየው መቆረጡ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፦ ብርዱ ሊያበቃ ሲል፣ አዲስ ቅጠል ሳይወጣ፣ ግንዱ በመጋዝ ይቆረጣል። ከመሬት በላይ አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ያህል ይቀራል። ከዚያ ጉቶው ተቆፍሮ ይወጣል። ወፍራሙ ሥር ያጥራል፤ ቀጫጭኑ ሥር ግን ይቀራል። ውሃ የሚጠጣው እሱ ነውና። ጉቶው ጠጠር የበዛበት፣ ውሃ የማያቁር አፈር ባለው የእንጨት ሣጥን ይተከላል።

ጉቶው የደረቀ ይመስላል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ከላጣው ግንድ ላይ ቀንበጥ ይፈነዳል። ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ሲያቆጠቁጥ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። በዚህ ጊዜ እጅን መሰብሰብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቀንበጡ አይነካም። ቅጠሉ ሥሩን ይመግባል፤ ሥሩም ቅጠሉን ያጠጣል። ቶሎ ላሳምረው ብሎ የሚከረክም ሰው ጉቶውን ሊገድለው ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

በሁለተኛው ዓመት፦ ከበቀሉት ቀንበጦች ጥቂቶቹ ይመረጣሉ። አንዱ ወደ ላይ ይሄድና የግንዱ ጫፍ ይሆናል። ሌሎቹ በግራ፣ በቀኝና በኋላ በኩል ቅርንጫፍ ይሆናሉ። የቀሩት ይቆረጣሉ። የተመረጠው ቀንበጥ ለጋ ሳለ ሽቦ ይጠመጠምበትና በቀስታ ይታጠፋል። እንጨቱ ከጠና በኋላ ግን እሺ አይልም፤ ይሰበራል። ሽቦውም መረሳት የለበትም። ቅርንጫፉ ሲወፍር ሽቦው ልጡን ይነክሰዋል። ጠባሳውም ለብዙ ዓመት ይታያል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እያዩ፣ መንከስ ሳይጀምር ማንሣት ነው።

ከሦስተኛው ዓመት ወዲያ፦ ቅርንጫፉ እንዲወፍር መጀመሪያ በነፃ ይለቀቃል። ከወፈረ በኋላ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶለት ይቆረጣል። የፕሪቬት ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ነው የሚበቅለው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅጠል ሥር አንድ ቀንበጥ ይወጣል። አንዱ ጫፍ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ሲቆረጡ አራት፣ አራቱ ሲቆረጡ ስምንት ይሆናሉ። እንዲህ እያለ ቅርንጫፉ እየበዛና እየቀጠነ ይሄዳል። የትልቅ ዛፍ መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቅርንጫፉ ከተበጀ በኋላ ተክሉ ወደ ዝርግ ሣህን ይዛወራል። በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ሥሩ ይከረከማል፤ አፈሩም ይለወጣል። ሣህኑ ጥልቀት ስለሌለው በሙቀት ወራት በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። ሥራው አለቀ የሚባልበት ቀን የለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የፕሪቬት ፍሬ ትንሽና ጥቁር ነው፤ መርዝም አለው። ልጆች እንዳይበሉት መጠበቅ ያሻል።

በደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ጥበብ በዱር ወይራ ይሠሩበታል። ያም የእኛው ወይራ ነው። እንዲህ ስንል ግን ሂዱና ከጫካ ወይራ ንቀሉ ማለታችን አይደለም!

«ፍሬው አይበላ፣ ምሰሶ አይሆን፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ብላችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆድ አይሞላም። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። ከዘር የበቀለ ችግኝ በሣህን ላይ እንዲህ ያለ ወፍራም ግንድ ለማውጣት አሥርና ሃያ ዓመት አይበቃውም። ጉቶው ግን ግንዱን ይዞ መጣ። ሊያስጥለው የነበረው ጉብጠቱና ቋጠሮው፣ ተፈላጊው ነገር እሱ ሆነ። የጎደለው ቀንበጥ ብቻ ነበር።

ከአባቶችና ከእናቶች መካከል «ፊደል የልጅ ነው፤ እኛ አርጅተናል» የሚሉ አሉ። እናንተ ልጆች ያላዩትን ዝናብና ድርቅ አይታችኋል። እርሻውን፣ ገበያውን፣ የሰውን ጠባይ ታውቃላችሁ። ይህ ግንዳችሁ ነው። ፊደሉ ቀንበጥ ነው፤ ግንዱ ካለ ይበቅላል። ዛሬ ይህን ገጽ እያዘገማችሁም ቢሆን እዚህ ካደረሳችሁት፣ በቅሏል። አትቸኩሉበት፤ ግን ደግሞ አትተዉት።

ጥያቄዎች
1. በመጀመሪያው ዓመት ቀንበጡ የማይቆረጠው ለምንድን ነው?
2. ሽቦው ከተረሳ ምን ይሆናል?
3. አንድ ጫፍ አራት ጊዜ ቢቆረጥ፣ በየጊዜውም እያንዳንዱ ጫፍ ለሁለት ቢከፈል፣ በመጨረሻ ስንት ጫፍ ይኖራል? በጣታችሁ ሳይሆን በእርሳስ አስሉት።