ከመድፉ በፊት ትምህርት ቤቱ

የታሪክ ትምህርት ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚቀናን ነገሥታትን ከነመሣሪያቸው መቁጠር ነው። እገሌ ይህን ያህል ጠመንጃ ነበረው፣ እገሌ መድፍ አሠራ እንላለን። ነገ ክፍል ገብተን ይህንኑ ከደገምን ተማሪው ዋናው ነገር ያመልጠዋል። በእኔ አስተያየት የጠንካራ ጦር ሥሩ ትምህርት ቤት ነው።

በመጀመሪያ አውሮፓን እንመልከት። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ በ1700 እ.ኤ.አ. ናርቫ ላይ በስዊድን ጦር ክፉኛ ተመታ፤ መድፎቹንም ተነጠቀ። ንጉሡ አዲስ መድፍ ማሠራት ብቻ አልበቃውም። በዓመቱ ሞስኮ ላይ የሒሳብና የባሕር ጉዞ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1709 ደግሞ ፖልታቫ ላይ ስዊድንን ድል አደረገ። ጦሩን በእጥፍ ያሳደገው የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም ቀዳማዊም በ1717 ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ይግቡ ብሎ አዋጅ አውጥቷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩን ቀድመው የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጦራቸውን በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺ አለቃ አደራጁ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩላቸው፣ ወጣቶችም ፊደልና የእጅ ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። 7 ቶን ገደማ የምትመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራችው እዚያው ነው። መንገድ እየተጠረገላት በሰው ጉልበት እየተጎተተች መቅደላ ወጣች። ነገር ግን ሙያው ገና ከውጭ ሰዎች እጅ አልወጣም ነበር፤ አገሩም በአመፅ ተከፋፍሎ ነበር። ሚያዝያ 1860 እሮጌ ላይ የንጉሡ መድፎች የእንግሊዝን ጦር ሊያቆሙት አልቻሉም። ባልሠለጠነ ተኳሽ እጅ ያለ መድፍ ምን ዋጋ አለው?

«ታዲያ አድዋ ላይ ያሸነፍነው በትምህርት ቤት ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንዲያውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰመራ ብዙ በማይርቀው አውሳ፣ በሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ዘመን፣ ኅዳር 1868 ላይ ዘመናዊ ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ የመጣውን የሙንዚንገርን የግብፅ ጦር አፋሮች በሌሊት ደመሰሱት፤ መሪውም እዚያው ሞተ። ጀግንነትና አገርን ማወቅ ትልቅ ኃይል ነው። ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ጠላት ተምሮ ይመለሳል። ከአድዋ ድል 40 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1928፣ ጣሊያን አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ይዞ መጣ። በስዊድን መኮንኖች ይመራ የነበረው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ነው። ዕጩ መኮንኖቹ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይማሩ ጦርነቱ ደረሰ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ኋላ የጥቁር አንበሳ ድርጅት አባል ሆነው ተዋግተዋል። ጀግንነቱ አልጎደለም፤ የጎደለው የትምህርት ዘመን ነበር። መድፍ በወራት ውስጥ ተገዝቶ ይመጣል፤ አንድ መኮንን ግን ከፊደል ጀምሮ እስኪበቃ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ጦርነትን ለማወደስ አይደለም። ጦርን ያቆመው ትምህርት መንገዱንም፣ የመስኖ ቦዩንም፣ ሐኪም ቤቱንም ያቆማል። «መምህርነት ሌላ ያጣ ሰው የሚገባበት ነው» የሚሉን ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስቡበት ጥሩ ነው። እኛም ዕጩ መምህራን ብንሆን ራሳችንን አናሳንስ።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችንና ጓደኞቼ! ተማሪን «ሴባስቶፖል ስንት ቶን ትመዝናለች?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ «ሌላ ሴባስቶፖል የሚሠራ ትውልድ ከጋፋት ለምን አልወጣም?» የሚለው ነው። ማስተማሪያ ትምህርት ስንወጣ ይህኛውን እንጠይቅ እላለሁ።

ከአንድ ዕጩ መምህር