ሕጉን ከነድንበሩ እናስተምር

ውድ እጩ መምህራን፣ «የአንድ ነገር ጠባይ በመጠኑ ማነስ አይለወጥም» የሚለውን ትምህርት ሁላችንም እናውቀዋለን። አሞሌው ቢከሰከስም ጨው ያው ጨው ነው። እውነት ነው፤ ግን እስከ የት ድረስ?

ሲሊከንን እንውሰድ። የሬዲዮና የኮምፒዩተር ክፍሎች የሚሠሩበት ከፊል አስተላላፊ ነው። አተሞቹ ዘወትር ይነዝራሉ። ንዝረቱን በብርሃን ለማንበብ ያስቻለውን ግኝት ህንዳዊው ሊቅ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ይፋ አደረጉ፤ በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ባለ አንድ ቀለም ብርሃን በዕቃው ላይ ሲያርፍ፣ ተበትኖ ከሚወጣው እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ይለውጣል፤ የለውጡ ልክ የንዝረቱን ልክ ይናገራል።

ትልቅ የሲሊከን ክሪስታል 520 ሞገድ በሴንቲሜትር ገደማ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰጣል። ቅንጣቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን ግን (1 ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) መስመሩ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይንሸራተታል፤ ይሰፋል፤ በዝቅተኛው በኩልም ይንጋደዳል።

እዚህ ላይ ተማሪው፣ «መምህር፣ የማሲንቆ ጭራ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥን የለም እንዴ? ታዲያ ይኸ ለምን ዝቅ አለ?» ቢልስ? ሸጋ ጥያቄ ነው። በትልቁ ክሪስታል ውስጥ ብርሃኑ የሚያሳየን፣ ተደጋጋሚዎቹ የአተም ጓዞች ሁሉ ባንድነት የሚነዝሩበትን ዓይነት ብቻ ነው። ቅንጣቱ ሲያንስ ይህ ምርጫ ይላላና ሌሎች ንዝረቶችም ይገባሉ። በሲሊከን የእነዚህ ድግግሞሽ ዝቅ ያለ ስለሆነ መስመሩን ወደ ታች ይጎትቱታል። ሪኽተር፣ ዋንግና ላይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያስረዱት ይህንኑ ነው። ቅንጣቱ በሙሉ የሚነፋበትና የሚኮማተርበት ንዝረት ግን እንደ ማሲንቆው ነው፤ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ይፈጥናል።

እንግዲህ ሕጉም ማሲንቆውም አልዋሹም፤ ሁለቱም የሚሠሩበት ወሰን አላቸው። አንዳንዶች «ይኸ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፤ ልጆቹን ማደናገር ነው» ይሉ ይሆናል። በበኩሌ አልስማማም። ስለ ናኖሜትር ይተንተን አላልኩም፤ «ይህ በዓይናችን ለምናየው መጠን ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። ድንበር የሌለው ሕግ የሸመደደ ልጅ፣ ኋላ ተቃራኒውን ሲያይ መምህሩንም ሳይንሱንም መጠርጠሩ አይቀርም።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ በምናዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ላይ «ይህ ሕግ የት ላይ ያቆማል?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። አሠልጣኞቻችንም ሲያርሙ ይጠይቁን።