ውሻው ይተርክ፤ ግን አያሸብሽብ

«ውሻ የሚተርከው ልብወለድ? ይሄማ የልጆች ተረት ነው!» የሚሉ አንባቢዎች አሉን። ተሳስተዋል። ሩሲያዊው ሚኻይል ቡልጋኮቭ በ1925 (እ.ኤ.አ.) «የውሻ ልብ»ን ሲጽፍ ታሪኩን የጀመረው በአንድ የጎዳና ውሻ አንደበት ነው። መጽሐፉ በሶቭየት ኅብረት የታተመው በ1987 ነው። ለልጆች ተረት ሲባል ማንም መንግሥት 60 ዓመት በላይ አይፈራም።

እኔን የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ሌላው ወገን ነው፤ ውሻን ለታማኝነቱ ብቻ የሚጽፈው። ቢደበድቡት ጭራውን ይቆላል፣ ጌታው ሲሞት መቃብር ላይ ያላዝናል። ይህ የጌታው ምኞት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ካድሬና ጋዜጠኛ የምንሰድብ ሰዎች፣ ልብወለድ ውስጥ ሲሆን ለምን እናጨበጭብለታለን?

እስቲ ተራኪውን ከአዲስ አበባ ቪላ ግቢ አውጥተን አዋሽ ሸለቆ እናውርደው። አፋር አርብቶ አደር ዘንድ ውሻ ፍየሉን ከጅብና ከቀበሮ ይጠብቃል። የቤተሰቡ ነው፤ ቦታው ግን ደጅ ነው። ከደጅ ደግሞ ሁሉም ይታያል፦ ማን ቀድሞ እንደበላ፣ ማን ውሃ ፍለጋ እንደሄደ፣ በሰመራ በኩል ጅቡቲ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ለመንደሩ ከአቧራ ሌላ ምን እንደተወለት።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። መንግሥት ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ 80 ሺህ ገደማ ሰዎችን ከአደጋው ቀጣና እያወጣ መሆኑን ተናገረ። እኛም ዜናውን በሬክተር ስኬል ተከታትለን፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል ረሳነው። በቁጥር ያወቅነውን ሰው በቁጥር እንረሳዋለን። ባዶ የቀረ ቤት ምን እንደሚሸት፣ ልጆቹ በየት በኩል እንደሄዱ የሚነግረን ተራኪ ቢጠፋ፣ ውሻው አለ።

«ውሻ ተራኪ ለሙስሊም አካባቢ ባዕድ ነው» የሚል ካለ፣ ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል ከህፍን ይመልከት። የዋሻው ሰዎች ውሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ነው። ሰዎች «ስንት ነበሩ?» ብለው ሲከራከሩ እንኳ ውሻውን አብረው ይቆጥሩታል።

ደራሲዎቻችን፣ ውሻውን አናግሩት። ጌታውን ማመስገን ግን አታስተምሩት። ከበላበት ይልቅ በተረሳው ደጃፍ ይጩኽ።