የርቀት ትምህርትና የቤተ ሰብ ሰዓት

በዚህ ወር የምንነጋገረው ሥራ ይዘውና ቤት እያስተዳደሩ በርቀት ለዲግሪ የሚማሩ ወገኖቻችን በአንድ የትምህርት ወቅት ስንት ኮርስ መውሰድ እንደሚገባቸው ነው። በቦሳ አዲስም ሆነ በአጋሮና በሊሙ ገነት፥ ሞጁሉን ይዞ ወደ ሥራው የሚሄድ አባወራ፥ ልጆቿን አስተኝታ የምታነብ እናት ጥቂት አይደሉም። ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚደክሙት ትምህርቱ ስለ ረቀቀባቸው ሳይሆን በምዝገባው ቀን ከዐቅማቸው በላይ ስለ ተሸከሙ ነው።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ኢሲቲኤስ በተባለው አቈጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ድካም ነው። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይፈልጋል፤ ወቅቱ 16 ሳምንት ቢሆን በየሳምንቱ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ያህል ማለት ነው። ስድስት ኮርስ የተመዘገበ ሰው በሳምንት 50 ሰዓት ያህል ማንበብ ይኖርበታል፤ ይህም በመደበኛ ሥራው ላይ የተደረበ ሁለተኛ ሥራ ነው።

ያለውንስ ሰዓት ማን ቈጠረው? በአራት ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢያነብ 8፥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 5፥ እሑድ ከቅዳሴ መልስ 3፤ ድምሩ 16 ነው። ይህ ሁለት ኮርስ ቢችል ነው፤ ሦስተኛውን አይችልም። ልቅሶውን፥ ዝክሩንና ሰንበቴውን ገና አልቈጠርንም።

በጅማ አገር ደግሞ የቡናው ነገር አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወራት እሸት ቡናው በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት፥ ተረካቢውም መዝጋቢውም እስከ ሌሊት ይሠራሉ። ኅዳር 15 ቀን ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ ኑሮው ከቡና ጋር የተያያዘ ሰው፥ ተቋሙ ከፈቀደለት፥ በእነዚህ ወራት አንድ ኮርስ ብቻ ይዞ ሁለተኛውን ለኋለኛው ወቅት ቢያቈየው ይሻለዋል።

«ዕድሜዬ ሄደ፥ ቶሎ ልጨርስ» የሚል አለ። ለዚህስ የቅኔ ተማሪን ይመልከት፤ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ሳያቀና ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚያዘልለው መምህር የለም። በውጭም አገር ቢሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ጊዜ በሦስት ዓመት የሚያልቀውን ዲግሪ ሥራ ላለው ሰው በስድስት ዓመት አከፋፍሎ ይሰጣል። በእኛም አገር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና ተደንግጓል፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ነው። በጥድፊያ ያለፈው ኮርስ በዚያ ቀን ተመልሶ ይጠይቃል። የወደቀውን ኮርስ ለመድገም የሚከፈለው ገንዘብም የሚወጣው ከልጆች መሶብ ነው።

ከቍጥሩ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የቤቱ ፍርድ ነው። ባል ሲማር ልጆች ዝም እንዲሉ ይታዘዛሉ፥ ቡናውም ከመጽሐፉ አጠገብ ይቀርብለታል። ሚስት ስትማር ግን ወጡም፥ ልብሱም፥ እንግዳውም እንዳለ ይጠብቃታል፤ የምታነበው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ውጤቷ ባነሰ ጊዜም «ለሴት አይሆንም» ይባላል። ይህን ፍርድ አጥብቀን እንነቅፋለን። የእርሷ 16 ሰዓት እንዲገኝ ከተፈለገ ከባሏ ሰዓት የተወሰነው ወደ ጓዳው መግባት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ሁለት ኮርስ እንኳ ለእርሷ ይበዛባታል። የመመዝገቢያው ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ማታ ልጆቹን ማን እንደሚያስጠና፥ ቅዳሜ ገበያ ማን እንደሚወርድ በግልጥ ይነጋገሩ። ትልልቆቹም ልጆች ይስሙ።

ክፍያ ከመፈጸሙም አስቀድሞ የተቋሙ መዝጋቢ ይጠየቅ፤ በአንድ ወቅት ሊወሰድ የሚፈቀደው ትንሹ የኮርስ ቍጥር ስንት ነው? የከበደውን ኮርስ እስከ ስንት ቀን መሰረዝ ይቻላል? ገንዘቡስ ይመለሳል ወይስ ይቀራል? ዲግሪው ቢበዛ በስንት ዓመት ማለቅ አለበት? ቲውቶሪያሉ እሑድ ጧት የሚውል ከሆነም፥ በተለይ በመቅደስ የሚያገለግል ሰው ሌላ ቀን እንዲለወጥለት ያን ጊዜውኑ ይጠይቅ።